የመመለሻውን ቀን ሳያውቅ የወጣው ዮሴፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማ የእመቤታችንንና የተወደደ ልጇን ስደት ታስብባቸዋለች። ሊቃውንቱ በየሰንበቱ ሌሊት በማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያድራሉ፤ ፈቃዱ ያላቸው ምእመናንም የጽጌን ጾም ይጾማሉ። በዚሁ ወራት በቅዳሴ ከሚነበቡት ወንጌላት አንዱ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራ ላይ ስለ መብልና ስለ ልብስ እንዳንጨነቅ ያስተማረበት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ነው። የሜዳ አበቦች በትምህርቱ ውስጥ ስለ ተጠቀሱ ከአበባው ወራት ጋር መስማማቱ ለማንም ግልጽ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላስታውሳችሁ የምወደው ሌላ ዝምድና አለ። ስለ ነገ እንዳንጨነቅ የሚያዝዘው ቃል የሚነበበው ስደት በሚታሰብበት ወራት ነው። በርስቱ ላይ ተደላድሎ፥ ጎተራውን ሞልቶ ለተቀመጠ ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ወራት ክረምቱ አልፎ መስኩ በአደይ አበባ የሚያሸበርቅበት ነው። እኛ ባለንበት አገር ደግሞ በጥቅምት ቅጠሉ ይረግፋል፥ ቀኑ ያጥራል፥ ብርዱም ይጀምራል። ስለ አበባ የሚናገረውን ወንጌል የምናነበው በመስኮት የሚረግፈውን ቅጠል እያየን ነው። ምናልባት ለእኛ ለስደተኞች የሚስማማው እንዲህ ሆኖ ሲነበብ ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ነገር አለና እርሱን አስቀድሜ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጽጌ ወራት በአንዱ እሑድ ይህንኑ ወንጌል ሰብኬ ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ አንዲት እኅት በር ላይ ጠበቀችኝ። ከእርስዋ ጋር ብዙ አልተነጋገርንም ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄዋ አራተኛ ዓመቱን እንደ ያዘ፥ ሁለት ልጆችዋን ከእናትዋ ዘንድ ትታ እንደ መጣች፥ በሆቴል ክፍል በማጽዳት እንደምትተዳደር ብቻ ዐውቅ ነበር። መስቀሉን ከተሳለመች በኋላ፥ «አባ፥ ዛሬ ያስተማሩት ወንጌል ከበደኝ። ወፎቹ እኮ የቤት ኪራይ የለባቸውም» አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ፥ «ልጄ፥ እመኚ እንጂ፤ የሚያስፈልግሽን እርሱ ያውቃል» አልኋት። በአዳራሹ ውስጥ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ተሰብስበው ይጠብቁኝ ነበርና ፈጥኜ ሄድሁ። እርስዋም ሁለተኛ እስከ ብዙ ጊዜ አልተመለሰችም።

የነገርኋት ቃል ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን እውነተኛ ቃል ያለ ቦታውና ያለ አግባቡ ሲነገር ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ያን ጊዜ አልተረዳሁም ነበር። ስለዚህ የጌታችንን ትእዛዝ ከመጀመሪያው ጀምረን በሥርዓቱ እንመርምረው።

ዮሴፍ የተነገረውና ያልተነገረው

ወንጌላዊው ቅዱስ ማቴዎስ የስደቱን ታሪክ በጥቂት ቃላት ጽፎታል (ማቴ. 2፥13—15)። ሰብአ ሰገል ወርቅ፥ ዕጣንና ከርቤ አቅርበው በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ከሄዱ በኋላ የጌታ መልአክ ለአረጋዊው ዮሴፍ በሕልም ተገልጦ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ፥ እስኪነግረውም ድረስ በዚያ እንዲቆይ አዘዘው። እዚህ ላይ ያልተነገረውን ነገር ልብ በሉ። መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አልተነገረውም። በማን ቤት እንደሚያርፍ፥ በባዕድ አገር ምን ሠርቶ እንደሚያድር አልተነገረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚመለስበት ቀን አልተነገረውም። የተነገረው የዚያች ሌሊት ሥራ ብቻ ነው፤ እርሱም በሌሊት ተነሥቶ ያንን አደረገ።

የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ስደቱ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር እንደ ቆየ ያስተምራል። እኛ ይህን ቍጥር ስንናገረው ያጥርብናል፤ ፍጻሜውን እናውቃለንና። በግብፅ በረሃ ሲንከራተት የነበረው ዮሴፍ ግን ቍጥሩን አያውቅም ነበር። አንድ ዓመት በሞላ ጊዜ ገና ሁለት ዓመት ተኩል እንደ ቀረው የሚነግረው አልነበረም። በስደት የኖረ ሁሉ እንደሚመሰክረው የስደት ክብደቱ ርዝመቱ ብቻ አይደለም፥ ርዝመቱ አለመታወቁም ነው። እስረኛ እንኳ የተፈረደበትን ዓመት ይቈጥራል፤ ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ያለ ስደተኛ ግን የሚቈጥረው የለውም።

ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ። የሰብአ ሰገል ስጦታ የደረሰው የስደቱ ትእዛዝ ከመምጣቱ በፊት ነው። ወርቁ ለመንገድ ስንቅ እንደ ዋለ መጽሐፍ አይናገርምና እኔም እንዲህ ነበር ብዬ አልወስንም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ተመልከቱ። በቤተ ልሔም ሳሉ ስጦታው ለንጉሥ የቀረበ እጅ መንሻ ነበር፤ በማግሥቱ የሚሆነውን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ዮሴፍ ፍርሃት የሌለበት ሰው እንደ ነበረም አናስብ። ሄሮድስ ሞቶ ተመለስ በተባለ ጊዜ፥ በይሁዳ በአባቱ ፈንታ አርኬላዎስ እንደ ነገሠ ሰምቶ ወደዚያ መሄድን ፈርቶአል (ማቴ. 2፥22)። ወንጌሉ ይህን ሲጽፍ አይነቅፈውም። እንዲያውም ከፍርሃቱ በኋላ በሕልም ተረድቶ ወደ ገሊላ ሄደ። ዜናውን መስማት፥ አደጋውን መመዘን፥ መንገድ መለወጥ እምነት ማነስ አይደለም።

የተከለከለው ምንድን ነው?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ቄስ ሳለ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም ከዚህ ቦታ ሲደርስ አንድ ነገር ያስገነዝባል። ጌታችን እንዳንዘራ አላዘዘም፥ እንዳንጨነቅ እንጂ። የከለከለው የእጅን ሥራ ሳይሆን ልብን የሚያደቅቀውን አሳብ ነው። ወፎችም ቢሆኑ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ሲለቅሙ ይውላሉ፤ በጎጆአቸው ተቀምጠው ጥሬ እስኪወርድላቸው አይጠብቁም።

በእስራኤል ዘሥጋ ላይ የዘነመውን መና እናስታውስ (ዘጸ. 16)። ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ አንድ ጎሞር እንዲለቀም ታዘዘ። ትእዛዙን ተላልፈው ለነገ ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ እንዲለቅሙና ለሰንበት እንዲያሳድሩ ታዘዙ፤ ያን ጊዜ ያደረው አልተላም፥ አልሸተተምም። መናው አንድ ነው፥ ማሰሮውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው የታዘዘ፥ ሁለተኛው በፍርሃት የተሰበሰበ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማስቀመጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍም በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ እንዲከማች መክሮ ብዙ ሕዝብ ከራብ አድኖአል (ዘፍ. 41)። ለልጁ ትምህርት ገንዘብ የሚያጠራቅም አባት እግዚአብሔርን እንደ ተጠራጠረ የሚቈጥሩ ወንድሞች አልፎ አልፎ ያጋጥሙኛል፤ ይህ የወንጌሉ ትምህርት አይደለም።

ታዲያ ጥንቃቄና ጭንቀት በምን ይለያሉ? እኔ ከሰው ሕይወት እንዳየሁት ጥንቃቄ በአንድ ሥራ ላይ ደርሶ ያርፋል፤ ጭንቀት ግን ከተነሣበት ቦታ ተመልሶ ይመጣል። ነገ ከጠበቃ ጋር ለመነጋገር ሰነድን ማታ አደራጅቶ መተኛት ጥንቃቄ ነው። ሰነዱ ከተደራጀ በኋላ በሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነቅቶ፥ ጣራ እያዩ፥ ዳኛው የሚለውን፥ ጠበቃው የሚመልሰውን፥ ደግሞ ዳኛው የሚለውን በአሳብ እየፈጠሩ እስኪነጋ መከራከር ግን ጭንቀት ነው። በማግሥቱ ያ ሰው ደክሞት ለሥራው አይበረታም፥ ከልጁ ጋር በትዕግሥት አይነጋገርም። ነገን አላሻሻለም፤ ዛሬውን ግን አጥቶአል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 30 ላይ ጭንቀት ያለ ዕድሜ እንደሚያስረጅ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ጨምሬ ልለፍ። እንቅልፍ ለብዙ ሳምንታት የጠፋበት፥ ምግብ የማይወርድለት፥ ልቡ ያለ ምክንያት የሚመታበት ሰው ካለ፥ ሕመም ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ይሂድ። ጠበሉም ጸሎቱም አይቀርበትም። ሐኪምን እንድናከብር፥ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያው የሲራክ መጽሐፍ በምዕራፍ 38 ያስተምረናልና፥ ይህን ማድረግ እምነት ማጣት የሚመስለው ሰው አይኑር።

ሰባ ዓመት የተነገራቸው ስደተኞች

በብሉይ ኪዳን ለስደተኞች የተጻፈ አንድ መልእክት አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን ከመኳንንቱና ከጠራቢዎቹ ጋር ማርኮ ወሰደ። ነቢዩ ኤርምያስም ከኢየሩሳሌም ደብዳቤ ላከላቸው (ኤር. 29)። ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፥ ተክል ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፥ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መከራቸው። ሰባው ዓመት ሲፈጸም እግዚአብሔር እንደሚጐበኛቸው ጻፈላቸው። ከዚያው ምዕራፍ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ፍጻሜና ተስፋ የሚሰጥ የሰላም አሳብ እንዳለው የሚናገረው ቍጥር 11 በብዙዎቻችን ቤት በክፈፍ ተሰቅሎ አያለሁ። መልካም ነው። ነገር ግን ከእርሱ በላይ ያለው ቍጥር 10፥ ሰባ ዓመት የሚለው፥ ተሰቅሎ አላየሁም። ያን ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ካነበቡት ጐልማሶች ብዙዎቹ በባቢሎን እንደሚቀበሩ የሚያስታውቅ ነበር፤ ተስፋውም የተሰጠው ለእነርሱ ነው።

በዚያው ወራት ሐናንያ የሚባል ሰው ተነሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም እንደሚመለስ ተናገረ (ኤር. 28)። ሕዝቡ የማንን ትንቢት እንደሚወድ መገመት አያስቸግርም። እኛም የራሳችን ሐናንያዎች ነበሩን። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ከአገራቸው ከወጡት አባቶችና እናቶች መካከል «ለመጪው መስከረም» እያሉ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ሃያ ዓመት የተቀመጡ ነበሩ። አልጋ ያልገዙ፥ የአገሩን ቋንቋ ያልተማሩ፥ ልጆቻቸውንም ለመመለስ እንጂ ለመኖር ያላዘጋጁ። በእነርሱ መፍረድ አይገባንም፤ የአገር ፍቅር ነው። ነገር ግን ስለ ነገ መጨነቅ ሁልጊዜ በፍርሃት መልክ ብቻ እንደማይመጣ ከዚህ እንማራለን። አንዳንድ ጊዜ በምኞት መልክ ይመጣና ያው ዛሬን ይወስዳል።

ኤርምያስ ራሱ ተስፋ የቈረጠ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከተማይቱ ተከብባ፥ እርሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፥ በዓናቶት ያለውን የዘመዱን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ የውሉንም ጽሕፈት ባሮክ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘ (ኤር. 32)። የጠላት ጦር የሰፈረበትን መሬት ዋጋ ከፍሎ የሚገዛ ሰው ማን ነው? እርሱ ራሱ እንደማይበላው እያወቀ፥ አንድ ቀን በዚያች ምድር ቤትና እርሻ እንደሚሸጥ ስለ ታመነ ገዛው።

ነገ በእጃችን አለመሆኑን ለመረዳት እስከ ባቢሎን መሄድም አያስፈልገንም። በ2006 ዓ.ም. በዚሁ በጽጌ ወራት፥ ጥቅምት 25 ቀን፥ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማሰስ በጀመረ ጊዜ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የዓመታት ድካማቸውን ትተው በለበሱት ልብስ ነው የተመለሱት። ከእነርሱ መካከል ሰነፍ ስለ ነበረ፥ ወይም ስላልጸለየ ይህ የደረሰበት ነው የምንለው ማን አለ? እግዚአብሔርን መታመን ክፉ ነገር እንደማይደርስብን ዋስትና መቀበል አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ያን ሁሉ ካስተማረ በኋላ በ404 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከቊስጥንጥንያ መንበሩ ተነሥቶ ወደ አርመን ተራሮች፥ ኩኩሶስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተሰደደ። ከዚያም ሆኖ በሐዘን ለተያዘችው ለዲያቆናዊቷ ለኦሎምፒያስ የማጽናኛ ደብዳቤዎች ይጽፍላት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ባሰ ስፍራ ሲወስዱት በመንገድ ላይ በኮማና ዐረፈ፤ ስለ ሁሉም እግዚአብሔርን እያመሰገነ። ወደ ቊስጥንጥንያ የተመለሰው ዐፅሙ ነው፥ በ438 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.)።

ገመዱና አሮጌው ጨርቅ

አሁን ወደ አንድ ኢትዮጵያዊ ልውሰዳችሁ። ኤርምያስን መኳንንቱ ጭቃ ወዳለበት ጕድጓድ ጥለውት ነበር። በንጉሡ በሴዴቅያስ ቤት የሚያገለግል አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ይህን ሰማ (ኤር. 38)። ይህ ሰው በባዕድ አገር ቤተ መንግሥት ያለ እንግዳ ነው፤ ከተማይቱ በጠላት ተከብባለች፥ እንጀራም እያለቀ ነው፤ ኤርምያስን የጣሉት ደግሞ ንጉሡ ራሱ የሚፈራቸው መኳንንት ናቸው። ስለ ነገ ለመጨነቅ ከእርሱ የበለጠ ምክንያት ያለው አልነበረም። እርሱ ግን ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ ተናገረ። ሠላሳ ሰዎችም ተሰጡት።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ስታነቡ ቀስ በሉ። ወደ ጕድጓዱ ከመሄዱ በፊት ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ወሰደ። ገመዱን ሲያወርድለትም ጨርቁን በብብቱ በታች፥ በገመዱ ሥር እንዲያደርገው ለኤርምያስ ነገረው፤ ሲስቡት ገመዱ ሥጋውን እንዳይልጠው ነው። ከተማ ሊፈርስ ሲል፥ የራሱም ነፍስ በሚያሰጋበት ሰዓት፥ አንድ ሰው ስለ ሌላው ብብት አሰበ። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ትንሽ ነገር ሳይተው መጻፉ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በኋላ እግዚአብሔር በኤርምያስ በኩል መልእክት ላከለት (ኤር. 39፥15—18)። በመልእክቱም ከሚፈራቸው ሰዎች እጅ እንደሚያድነው፥ በእርሱ ታምኖአልና ነፍሱን እንደሚያተርፍለት ነገረው። ሁለቱን ነገር አብራችሁ አንብቡ። አቤሜሌክ የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ደግሞም ታምኖአል ተባለ። መታመኑ የታየው ከልቡ ፍርሃትን ጨርሶ ስላወጣ ሳይሆን፥ እየፈራም ስለ ወንድሙ ገመድና ጨርቅ ይዞ ስለ ሄደ ነው። ተረፈ ባሮክ ደግሞ በቅርጫት በለስ ይዞ ከዛፍ ጥላ በታች 66 ዓመት እንደ ተኛ፥ ሲነቃም በለሱ እንዳልደረቀ ይተርካል። ሌሎች የምርኮውን ዘመን ሲቈጥሩ እርሱ ዐረፈ።

ጌታችን ባስተማረን ጸሎት የምንለምነው የዕለት እንጀራችንን ነው። ለዕለት መሆኑን ብዙ ጊዜ እናስተውላለን፤ «የእኔን» አለማለታችንን ግን አናስተውልም። በአንድ አፍ የብዙዎችን እንጀራ እንለምናለን። እንግዲህ የወንድሜ እንጀራ በእኔ መሶብ ውስጥ ተጨምሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብም ለታረዘና ለተራበ ሰው የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በሰላም ሂድ፥ ሙቅ፥ ጥገብ ማለት ምን እንደሚጠቅም ይጠይቃል (ያዕ. 2፥15—16)። ይህን ጥቅስ ሳነብ ያች እኅት ከፊቴ ትቆማለች።

ከአምስት ወር በኋላ ከሰንበቴው እናቶች አንዲቱ ያለችበትን አግኝታ ነገረችኝና አብረን ሄድን። ቤቱን ለቅቃ ከከተማው ዳር ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ትኖር ነበር፤ እሑድም መሥራት ጀምራ ነበር። ቡና አፈላችልን። «ልጄ፥ ይቅር በይኝ። ያን ቀን ወንጌሉን አወረድሁልሽ እንጂ ከገመዱ ሥር ጨርቅ አላደረግሁም» አልኋት። የአቤሜሌክን ታሪክ አታውቀውም ነበርና ነገርኋት። ዝም ብላ ከሰማች በኋላ፥ «አባ፥ እኔ በወንጌሉ አልተቀየምሁም። ገንዘብ እንዳልጠይቅዎ የፈሩ መስሎኝ አፍሬ ነው የቀረሁት» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ፈርቼ ነበር። ያን እሑድ በአዳራሹ የሚጠብቁኝ ሰዎች የተሰበሰቡት የሕንፃችን ብድር የሦስት ወር ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ለመነጋገር ነበር። ሌሊቱን በዚያ አሳብ ሳልተኛ አድሬ ነው ስለ ነገ አትጨነቁ ብዬ የሰበክሁት። በአእምሮዬ ውስጥ የባንኩ ደብዳቤ ስለ ነበረ በፊቴ የቆመችውን ሰው በደንብ አላየኋትም። ጭንቀት የሚሠራው ይህንን ነው፤ ገና ያልመጣውን አጉልቶ የመጣውን ይጋርዳል።

በዚያው ወር የሰንበቴው ማኅበር የሦስት ወር ኪራይ ሸፈነላት፥ ሥራዋንም ከእሑድ ወደ ሌላ ቀን የሚያዛውር ሰው ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ትመጣለች። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይዋ ገና አልተወሰነም፤ ልጆችዋም አሁን ድረስ ከአያታቸው ጋር ናቸው። ከማኅበሩ የተረዳችውን ገንዘብ በጥቂት በጥቂቱ ልትመልስ ስትል እናቶቹ እንቢ ስላሉዋት፥ ለሚቀጥለው እንዲሆን በአዲስ ፖስታ ማስቀመጥ ጀመረች። ያ ፖስታ ዛሬ በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ የተለየ ሒሳብ ሆኖአል። ኪራይ፥ የጠበቃ ክፍያ ወይም የመድኃኒት ዋጋ ያስጨነቀው ሰው ከቅዳሴ በኋላ ለእኔ ወይም ለሰንበቴው ሰብሳቢ በግል ይንገረን፤ ስም አይመዘገብም፥ በጉባኤም አይነገርም። በዚህ ወር ትርፍ ያለው ደግሞ ለነገ ሳያሳድር ያምጣልን። የሕንፃው ብድርም እንዳለ አለ፤ ስለ እርሱ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንነጋገራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።